ጠይቁኝ የሚሉት አሥር አለቃ

አሥር አለቃ ፈንቴ እስቴ ላይ ሞቱ ብሎ መጀመሪያ የነገረኝ አንድ የጨው ነጋዴ ነው። እኔ ደግሞ ነጋዴ የነገረኝን ሁሉ አላምንም። «ማን አየ?» አልሁት። «ሀገር የሚያወራው ነው» አለኝ። ሀገርማ ስንቱን ሰው በቁሙ ቀብሮታል። ስለዚህ ዝም አልሁና ከእስቴ ቅቤ ይዛ የምትመጣዋን ሴትዮ ጠበቅሁ። ቀብሩ ላይ ቆማ አልቅሳለች። የተቀበሩበትን ደብር፣ ፍትሐት ያደረሱላቸውን ቄስ፣ ሬሳቸው የተጠቀለለበትን ጋቢ ሳይቀር ነገረችኝ። ያን ጊዜ አመንሁና ነጠላዬን አዘቅዝቄ አለቀስሁ።

እንዲህ መመራመሬ ከክፋት አይደለም። እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ከአፌ እንዳይወጣ የያዝሁት ነገር ነበረኝ። ሳይሞቱ ሞቱ ብዬ ብተነፍሰው መዘዙ የሚተርፈው ለእሳቸው ነው።

ወገዳ የመጡት ጠጉራቸው ገብስማ ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በደብረ ታቦርም በእስቴም ብዙ ዘመን ለቅኝት ሲወጡ ሲገቡ የኖሩ ሰው ናቸው ይባል ነበር። ረጅም ናቸው፤ ሲራመዱ የግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ከወገዳ ተነሥተው በበሽሎ ወንዝ በኩል እስከ ቆላው ድረስ ወርደው፣ ሰውም ይያዝ አይያዝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመልሰው የኛ ገበያ ላይ መገኘት ልማዳቸው ነበር። ገበያው ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ይቀመጡና ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። «እንግዲህ ቆቤ ከራሴ ወርዷል፤ ስለ ፖሊስ ሥራ የሚጠይቀኝ ካለ ይጠይቀኝ» ይላሉ።

እኔ ፈትል የምሸጠው ከዚያ ድንጋይ አጠገብ ነበር። ስለዚህ የተጠየቁትንም የመለሱትንም ከማንም ይበልጥ የሰማሁ እኔ ነኝ።

በዚያ ዘመን ፖሊስ ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። ጭቃ ሹሙ የመንደራችን ሹም ነው፤ እናውቀዋለን፤ መንደር የሚጠብቀው ነጭ ለባሽም የጎረቤት ልጅ ነው። ካኪ ለብሶ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ ከማይታወቅ ሀገር የመጣ ሰው ግን ሲጠይቅ እንጂ ሲጠየቅ ታይቶ አይታወቅም። «ይኼ ሰውዬ ምን አስቦ ነው?» ተባለ። ጆሮ ጠቢ ነው ያለም ነበር፤ ግብር ሊያስጨምርብን ነው ያለም ነበር። እኔ ደግሞ የማን ጥያቄ ከየትኛው ወንጀል ጋር እንደሚገጥም በሆዳቸው እየያዙ ነው ብዬ አሰብሁ። የቆቡ ነገር ራሱ አልጣመኝም። ሰው ቆቡን ስላወለቀ ፖሊስነቱ ይወልቃል?

መጀመሪያ የደፈረው አንድ ሰካራም ነው። «ሽፍታ ሲመጣ ትሸሻላችሁ አሉ፤ እውነት ነው?» አላቸው። 

«እነሱ ብዙ፣ እኛ ሁለት ከሆንን እንሸሻለን» አሉ ሳይቆጡ። «ከሸሸን ሰው ጨምረን እንመለሳለን። ከሞትን ግን ማንንም ይዘን አንመለስም።»

አንዲት አሮጊት ደግሞ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ በዚህ ጠመንጃ ሰው ገድለህበታል?» አሏቸው።

«ተኩሼበታለሁ እናቴ። የተኮስሁበት ሰው ወደቀ ወይስ ተኛ፣ ሄጄ አላየሁም። ፈራሁ።»

እንዲህ ያለ መልስ ከባለ ጠመንጃ አፍ ሲወጣ ሰምተን አናውቅም። ሰው ግን በዚህ አላመናቸውም፤ ይብሱን ፈራቸው። ይህን ያህል ገመናውን የሚያወጣ ሰው የእኛን ለማስወጣት ካልሆነ ለምን ይለፋል? አልን።

የዶሮው ነገር ደግሞ አለ። ፖሊስ ባደረበት መንደር ዶሮ አይተርፍም ይባላል፤ አንዱ ይህንኑ ጠየቃቸው። «ጎረምሳ ሳለሁ ብዙ በልቻለሁ» አሉት። «ሲያርዱልኝ ፊታቸውን አይቼ ተውሁ። አሁን በሶዬን ይዤ ነው የምዞር።» እውነታቸውን ነበር፤ የትም ቢያድሩ ውኃ ለምነው በሶአቸውን በጥብጠው ይጠጣሉ እንጂ የሰው ገበታ ላይ አይቀርቡም። ይኼ ደግሞ በሀገራችን ከዶሮ መብላት የባሰ ነው። ቤትህ ገብቶ ምግብህን ያልቀመሰ ሰው በልቡ አንድ ነገር አለው። ባለቤቶቹ እንግዳው ከወጣ በኋላ ቁጭ ብለው፣ «ምን አየብን? ምን ጠረጠረን?» ሲባባሉ ያመሹ ነበር።

እየዋለ እያደረ ግን ጠያቂው በዛ። ሁሉም የሚጠይቀው «ስለ አንድ ስለማውቀው ሰው» ነው። አንድ ቀን አንድ ገበሬ፣ «አንድ የማውቀው ሰው የጎረቤቱን የድንበር ድንጋይ ትንሽ ገፋ አድርጎታል፤ ይታሰራል?» አላቸው። አሥር አለቃ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞር አዞር አደረጉ።

«ለዚያ ሰው ንገረው፤ እስከ ሰኞ ድንጋዩን ወደ ቦታው ከመለሰው እኔ ድንጋዩንም እሱንም አላውቃቸውም።»

ያን እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ መላ ሀገሩ የየራሱን ድንበር ሲዞር ዋለ። ስንቱ ድንጋይ እንደተመለሰ ባላውቅም፣ የተጣላው ጎረቤት ግን ብዙ ነበር። ድንጋዩ ያልተነካበት ሰው ሳይቀር ተነክቶ ነው የተመለሰው ብሎ ጎረቤቱን ጠረጠረ። አሥር አለቃ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ደነገጡ። «እኔ እንድትጠይቁ ነበር የፈለግሁት፤ እርስ በርስ እንድትጠራጠሩ አልነበረም» አሉ።

ሰው ወሬ ይዞላቸው ሲመጣም አንድ ልማድ ነበራቸው። «አየህ ወይስ ሰማህ?» ይላሉ። ሰማሁ ካለ፣ «ከማን?» ይላሉ። ያም ሰማሁ ያለ እንደሆነ፣ ወሬው እስከተነሣበት ጎጆ ድረስ እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዱ ነበር። ብዙውን ጊዜ እዚያ ደርሰው የሚያገኙት ቂም ብቻ ነው።

ወንድሜ እንየው የጠየቀው በኅዳር መግቢያ ላይ ነው። ገብሱ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። እንየው ኩሩ ነው፤ ኩራቱ ከሀብቱ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት አህያችን ተሰርቃ በሽሎን ተሻግራ ቀርታለች። ይህ ነገር ከሆዱ አልወጣለትም ነበር፤ ተከትያት ቢሆን ኖሮ አገኛት ነበር ወይ እያለ ይብሰለሰላል። ገበያ መሐል ቆሞ ስለ አህያ መጠየቁን ግን አፈረበትና እንዲህ አለ።

«አንድ በቅሎ ተሰርቃ በሽሎን ብትሻገር፣ ፖሊስ ዱካዋን ተከትሎ ይሻገራል ወይስ ወንዙ ዳር ይመለሳል?»

እኔ ፈትሌን እየጠቀለልሁ ቀና ብዬ አየሁት። የኛ ቤት በቅሎ አይቶ አያውቅም።

«እውነቱን ልንገርህ፤ ይመለሳል» አሉት አሥር አለቃ። «ማዶው ወሎ ነው። ፈቃድ ተጠይቆ እስኪመጣ በቅሎዋ ተሽጣ አልቃለች። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው፤ ለአለቆቼም ተናግሬአለሁ።»

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የጭቃ ሹሙ በቅሎ ጠፋች። ዱካዋ በሽሎ ዳር ደርሶ ቆመ።

አውጫጭኝ ታወጀ። ለማያውቀው ልንገር፤ አውጫጭኝ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የሚያዝበት ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው በየተራው ወደ እነሱ ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሯቸው ያንሾካሹካል። ይህን አየሁ ብሎ ግን አይናገርም፤ ወፍ ነገረችኝ ነው የሚለው። ሽማግሌዎቹም የትኛዋ ወፍ ምን እንዳለች ላያወጡ ይምላሉ። ሌባው ካልተገኘ የጠፋውን ሀገሩ ተካፍሎ ይከፍላል።

ገብሱ በዚያው ሰሞን ደርሶ ነበር። ወንዱ ሜዳ ላይ ታግቶ እያለ ዛላው ደርቆ መራገፍ ጀመረ። እኛ ሴቶች ስንቅ ይዘን ሜዳው ዳር እንቆማለን፤ ወንዶቹ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ማሳቸው ያያሉ። እንዲህ የተጨነቀ ሰው አንድ ስም ከተሰጠው አይለቅም። ወፎቹ ሁሉ አንድ ስም ይዘው መጡ፤ እንየው። ስለ በቅሎና ስለ በሽሎ የጠየቀ እሱ አይደል? እንየውን እጁን በገመድ አስረው ለብቻው አስቀመጡት። የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሬዎቹ ይሸጣሉ፣ እሱ ደብረ ታቦር ወህኒ ይወርዳል፣ ልጆቹም እኔ እጅ ላይ ይወድቃሉ።

ስንቁን ሳቀብለው ጆሮው ሥር፣ «ስለ ማርያም፣ ለምን በቅሎ አልህ?» አልሁት።

«አህያ ብዬ እንዴት ልጠይቅ?» አለኝ። ዐይኑ እንባ ሞልቶታል። አሁን እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል? አህያ ነው ለማለት ጊዜው አልፏል። እኔ ራሴ፣ የእናቱ ልጅ ሆኜ፣ ለአንድ አፍታ ጠርጥሬው ፊቱን አየሁት።

ንዴቴ ሁሉ ወደ አሥር አለቃ ዞረ። ወጥመድ ነው ያልሁት ይኸው ደረሰ። እየተንደረደርሁ ወገዳ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ጠመንጃቸውን እየወለወሉ አገኘኋቸው።

«ደስ ይበልዎ! ጠይቁኝ ብለው የጠየቀዎትን አሳሰሩት» አልኋቸው።

የሆነውን አልሰሙም ነበር፤ ከቆላ የገቡት በዚያው ሰዓት ነው። ስነግራቸው ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። «በጥያቄው ብቻ? ሌላ ነገር የለም?» አሉ። የለም ስላቸው ጠመንጃቸውን እዚያው ትተው ተነሡ። ቆባቸውን እንኳ አላነሡም።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጭቃ ሹሙ ፊቱን አጠቆረ። አውጫጭኝ የሀገር ሥርዓት ነው፤ ፖሊስ አያገባውም። አሥር አለቃ ግን እጅ ነሥተው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው አያ ደርሶ ነበሩ።

«ወፎቻችሁን አልጠይቅም፤ ሥርዓቱን አውቃለሁ» አሉ። «ግን ይህን ሰው የሚያስይዘው ከጥያቄው በቀር የተገኘበት ነገር አለ?»

«የሰማነውን ልንናገር አንችልም» አሉ አያ ደርሶ።

«እንግዲያውስ እኔ ልናገር። ፖሊስ በሽሎን አይሻገርም ብዬ ለገበያው ሁሉ የተናገርሁ እኔ ነኝ። ሌባው ሰምቶ ከሆነ የሰማው ከኔ ነው። ጠያቂው ከሚታሰር እኔ ልታሰር።»

«አንተን አስሮ ማን ይኖራል? በጥያቄው ዱካውን ያሳየን እሱ ነው!» ብሎ ጭቃ ሹሙ ጮኸ። ሰዉም አጉረመረመ። ገብሱ እየረገፈ ነው፤ የተገኘው ስም እንዳያመልጥ ሁሉም ፈርቷል።

አሥር አለቃ ወደ እንየው ዞረው ትንሽ አዩት። ከዚያ ለመሐላ ወንጌል ይዘው ወደ ቆሙት ወደ መምሬ አድማሱ ሄዱና እጃቸውን መጽሐፉ ላይ ጫኑ።

«ያ ጥያቄ የእንየው አይደለም፤ የእኔ ነው» አሉ። «ሰው ሊጠይቀኝ ስለማይደፍር፣ ሌላው እንዲደፍር ብዬ አንዳንድ ሰው ጥያቄ እየሰጠሁ አስጠይቅ ነበር። በቅሎና በሽሎ የሚለውን እንየው እንዲጠይቀኝ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ብዋሽ ይህ ወንጌል በነፍሴ ይፍረድብኝ።»

«ይኸው!» አለ አንድ ሰው ከመሐል። «አላልኋችሁም?» አለ ሌላው። ሜዳው ተናጋ። ስንት ዓመት ሲጠረጥሯቸው የኖሩት ነገር በገዛ አፋቸው ተመሰከረ። ጥያቄው ሁሉ የውሸት ነበር! ታዲያ ሌሎቹን ጥያቄዎች ያስጠየቁት በእነማን ነው? እያለ ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። በመሐሉ እንየው ተፈታ። በወንጌል የተማለበትን ነገር ጭቃ ሹሙም ሊያፈርሰው አልቻለም። ሌላ ስም ስላልተገኘ አውጫጭኙ ተበተነ፤ የበቅሎዋን ዋጋ ሀገሩ ተካፍሎ ከፈለ። በቅሎዋም እንደወጣች ቀረች።

ማታ እንየው እሳት ዳር ተቀምጦ እጁ ላይ ያለውን የገመድ ሰንበር እያሸ፣ «ማንም አላስጠየቀኝም። ከራሴ ነው» አለኝ። ይህን ከኔ በቀር ለማንም እንዳይናገር አስማልሁት። ቢታወቅ እሱ ተመልሶ ይያዛል፤ እሳቸውም በሐሰት ምለዋል ተብለው ከሥራም ከቤተ ክርስቲያንም ይባረራሉ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር አለቃ እንደወትሮው መጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ማንም አልቀረበም። መንገዱ በዚያ በኩል የሆነ ሰው ሳይቀር ዞሮ ሄደ። «አስጠያቂው» የሚል ስም ወጣላቸው። ሴቶች በርበሬ እየሰፈሩ ይሰድቧቸዋል፤ ለበቅሎዋ የከፈለ ሁሉ እሳቸው ሲያልፉ ምራቁን ይተፋል። ገበያው ሊበተን ሲል ፈትሌን ሰብስቤ አጠገባቸው ቆምሁ።

ያኔም ቢሆን አላመንኋቸውም ነበር። ሰው በነፃ ነፍሱን አይሰጥም። የወንድሜን መሬት ፈልገው ይሆን? ወይስ እኔን? ባል የሌለኝ ሴት ነኝ።

«አሥር አለቃ፣ ከእኛ ምን ፈልገው ነው?» አልኋቸው።

«አንቺም ጠየቅሽኝ?» ብለው ፊታቸው በራ። «ምንም። ጠይቁኝ ብዬ የጠየቀኝን ሰው ላሳስር አልመጣሁም። ይኸው ነው።»

«እንየው ማንም አላስጠየቀኝም ይላል።»

ቆባቸውን አንሥተው አቧራውን አራገፉ። «ወንድምሽ ረስቶት ይሆናል እኅቴ» አሉኝ።  ያን ጊዜ አመንኋቸው። ሳይዋሹ ሲኖሩ አላመንኋቸውም፤ ሲዋሹ ግን አመንኋቸው። እጃቸውን ልስም ፈልጌ ገበያው ያየኛል ብዬ ተውሁት።

ሳይቆይ፣ ሕዝቡ አይቀበላቸውም ተብሎ ወደ እስቴ ተዛወሩ። ሲሄዱ የሸኛቸው የለም። እንየው ሊሸኝ ተነሥቶ እኔ ነኝ የከለከልሁት፤ አብሯቸው ቢታይ ሰው ይጠረጥራል። በእሳቸው ቦታ የመጣው ፖሊስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሰውም እሱን አይቶ ዝም ይላል።

እንግዲህ የሞታቸው ወሬ እውነት መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ከእንየው ጋር ወደ መምሬ አድማሱ ሄድን። እንየው ሽበት አውጥቷል። የሐሰቱ መሐላ ነገር ያስጨንቀው ነበር፤ ለእሱ ብለው ነፍሳቸውን አስይዘዋልና። መምሬ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። «መሐላው በሕዝብ ፊት ነው የተማለው» አሉ። «እውነቱም በሕዝብ ፊት ይነገር፤ ከዚያ ሁላችንም ቆመን እንጸልይላቸዋለን።»

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ እንየው ደጀ ሰላሙ ፊት ቆመ።  ለበቅሎዋ የከፈሉት ሰዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። ሊጮኹበት፣ ከፍዬልሃለሁ መልስ ሊሉት፣ ሌባው አንተ ነህ ሊሉት ይችላሉ። እኔ ነጠላዬን ጨብጬ የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ ነበር።

«ያን ጥያቄ የጠየቅሁት ከራሴ ነው» አለ። «ማንም አላዘዘኝም። የጠፋችብን አህያ ነበረች፤ አፍሬ ነው በቅሎ ያልሁ። አሥር አለቃ ፈንቴ እኔን ለማዳን በሐሰት ማሉ። ጸልዩላቸው። የሚከሰኝ ካለ ይኸው አለሁ።»

ማንም አልጮኸም። ብዙዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አያ ደርሶ ዐይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«እናውቅ ነበር» አሉ።

«ምኑን?» አልሁ እኔ፤ ሴት ሆኜ በጉባኤ መናገሬን ረስቼ።

«መሐላው ሐሰት መሆኑን። እጃቸው ወንጌሉ ላይ ሲንቀጠቀጥ እኛ ሽማግሌዎቹ አይተናል። ልጁም ሌባ እንዳልሆነ ልባችን ያውቃል፤ መውጫው ነበር የጠፋን። መውጫ ሲሰጡን ወጣን።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «እኔም» አለ ሌላው።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ሰደባችኋቸው? ለምን ምራቅ ተፋችሁባቸው?»

«ባንሰድባቸውማ ልጄ፣ ጭቃ ሹሙ ይነቃ ነበር» አሉ አያ ደርሶ። «ሀገሩ ካልተቆጣ መሐላውን ማን ያምነዋል? ወንድምሽን ያቆየነው በስድባችን ነው።»

«እሳቸውስ ይህን ያውቁ ነበር?»

አያ ደርሶ ፊታቸውን ወደ እኔ ድምፅ አዞሩ። 

«ማን ሄዶ ይንገራቸው?» አሉ። «ማን ማንን አምኖ ይላክ?»

መምሬ አድማሱ መስቀላቸውን አንሥተው ጸሎቱን ጀመሩ። ሕዝቡ ሁሉ ቆመ። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ እኒያ ሰው ሀገሩ ሁሉ እንደጠላቸው አምነው ሞተዋል።